ጣሪያው የካውንስሉ፣ ሂሳቡ የጋራ፦ በእንግሊዝ የካውንስል ሕንፃዎች የሚኖሩ የሊዝ ባለይዞታዎች መብትና ግዴታ

በጃንዋሪ 2026 የብሪታንያ መንግሥት የሊዝ ቤቶችን ሥርዓት የሚቀይር ረቂቅ ሕግ ይፋ ሲያደርግ፣ ከነጥቦቹ ሁሉ ጎልቶ የተወራው አንዱ ነበር፤ ባለይዞታው በየዓመቱ ለመሬቱ ባለቤት የሚከፍለው ግራውንድ ሬንት ከ250 ፓውንድ እንዳያልፍ ጣሪያ ይበጅለታል የሚለው። ለንደን ውስጥ ከካውንስል፣ ማለትም ከአካባቢው ማዘጋጃ ቤት፣ አፓርታማ ገዝቶ የሚኖር ሰው ዜናውን ሰምቶ «እፎይ» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን «የመግዛት መብት» በሚባለው ሕግ ከካውንስል የተገዛ አፓርታማ ግራውንድ ሬንቱ ከመነሻው በዓመት ከ10 ፓውንድ እንዳይበልጥ በሕግ የተወሰነ ነው። አሥር ፓውንድ ለሚከፍል ሰው የ250 ፓውንድ ጣሪያ የሚቀንስለት ነገር የለም። እርሱን እንቅልፍ የሚነሳው ሌላ ጣሪያ ነው። ይኸውም በሕንፃው አናት ላይ ያለው፣ ውኃ ማስገባት የጀመረው፣ ካውንስሉ አንድ ቀን «ልቀይረው ነው፤ የእርስዎ ድርሻ ይህን ያህል ነው» ብሎ ደብዳቤ የሚልክበት ጣሪያ ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ደብዳቤ ለመረዳት የሚያስፈልጉ ነገሮችን ያብራራል። የሚመለከተው የእንግሊዝን ሕግ ነው፤ የስኮትላንድ የቤት ሕግ ከሥሩ የተለየ ነው። የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሊዝ» የሚለው ቃል የሚያሳስተው

ለአማርኛ ተናጋሪ ሊዝ ማለት መሬት ነው። በኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት መንግሥት የከተማ ቦታን ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት ያከራያል፤ በቦታው ላይ የሚሠራው ቤት ግን የሠሪው ነው። የጋራ ሕንፃ ሲሆን ደግሞ፣ በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት፣ የኮንዶሚኒየም ቤት የገዛ ሰው የቤቱ ባለቤት ነው። ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው ደግሞ የቤቶቹ ባለቤቶች በጋራ የያዙትና በማኅበራቸው የሚያስተዳድሩት ነው።

በእንግሊዝ አፓርታማ የገዛ ሰው ከዚህ የተለየ ነገር ነው የሚገዛው። ሕንፃውም መሬቱም ፍሪሆልድ በሚባል ሙሉ ባለቤትነት የሌላ ሰው ወይም ተቋም ሆኖ ይቀራል። ገዢው የሚይዘው በአራቱ ግድግዳዎች መካከል ያለውን ቦታ ለረጅም ዘመን የመጠቀም መብት ነው፤ ይህ መብት ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይወረሳል፣ ባንክም ያበድርበታል። ዘመኑ ሲያልቅ ግን ወደ ሕንፃው ባለቤት ይመለሳል። በሕግ ዓይን ሰውየው ዋጋውን አስቀድሞ የከፈለ የረጅም ዘመን ተከራይ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ካውንስሉ አከራዩ ነው።

ብዙ ጭቅጭቅ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ገዢው «ቤቴን ገዝቻለሁ» ሲል ካውንስሉ «ሕንፃው የእኔ ነው» ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ጣሪያው የባለይዞታው አይደለም፤ ለጥገናው ግን ይከፍላል። ለምን ቢባል መልሱ በውሉ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ቤቱን በገዛበት ቀን በጠበቃ ፊት ፈርሞ ወደ መሳቢያ የከተተው ያ ሠላሳና አርባ ገጽ ሰነድ ከማንኛውም የካውንስል ደብዳቤ ይበልጣል።

ተከራይና ባለይዞታ አንድ ደረጃ የሚወጡበት ሕንፃ

ካውንስሎች ቤት መሸጥ የጀመሩት ከ1980 በፊት ቢሆንም፣ ነገሩ የተከራዮች መብት ሆኖ በመላው አገሪቱ የተስፋፋው በማርጋሬት ታቸር መንግሥት ዘመን በ1980 በወጣው የቤቶች ሕግ ነው። በካውንስል ቤት ለተወሰኑ ዓመታት የኖረ ተከራይ ቤቱን በትልቅ ቅናሽ እንዲገዛ ተፈቀደለት፤ ለአፓርታማ ቅናሹ በኋላ እስከ 70 በመቶ ደርሷል። በእንግሊዝ ብቻ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ቤቶች በዚህ መንገድ ተሸጡ። ስኮትላንድ በ2016፣ ዌልስ በ2019 መብቱን አስቀርተዋል። እንግሊዝ ባታስቀረውም በኖቬምበር 2024 ከፍተኛውን ቅናሽ ክፉኛ ቀንሳዋለች፤ በለንደን ከ136 ሺህ ፓውንድ በላይ የነበረው በአብዛኞቹ ክፍለ ከተሞች ወደ 16 ሺህ ወርዷል።

ግቢ ያለው ራሱን የቻለ ቤት ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ ከነመሬቱ ነበር። አፓርታማን ግን እንደዚያ መሸጥ አይቻልም፤ ከላይና ከታች ያሉት ጎረቤቶች አሁንም የካውንስል ተከራዮች ናቸውና። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የ125 ዓመት ሊዝ ተሰጠ። አርባ ቤት ባለው ሕንፃ ውስጥ አሥራ አምስቱ የተሸጡ፣ ሃያ አምስቱ የተከራዩ ሆኑ። ከተሸጡት ውስጥም የመጀመሪያ ገዢው የሚኖርባቸው አሉ፣ በገበያ ተገዝተው ሁለትና ሦስት እጅ ያለፉ አሉ፣ ገዢው ሌላ ቦታ እየኖረ የሚያከራያቸውም አሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሊፍት ይወርዳሉ። ሊፍቱ ሲበላሽ ግን ወጪው ለእያንዳንዳቸው የሚደርስበት መንገድ የተለያየ ነው። ተከራዩ የጥገና ድርሻ ሂሳብ አይላክለትም፤ ባለይዞታው ሂሳብ ይመጣለታል።

ሂሳቡ ከየት ይመጣል

ሰርቪስ ቻርጅ የሚባለው የአገልግሎት ክፍያ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ዓመታዊው ነው። ለጽዳት፣ ለመተላለፊያ መብራት፣ ለሊፍት፣ ለአትክልት፣ ለሕንፃው ኢንሹራንስና ለአስተዳደር የሚከፈል ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዓመቱ መጀመሪያ በግምት ይጠየቃል፤ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ትክክለኛው ወጪ ተሰልቶ ልዩነቱ ይመለሳል ወይም ይጨመራል። በዚህ በሁለተኛው ደብዳቤ የሚደነግጡ ብዙዎች ናቸው፤ አዲስ ክፍያ ይመስላቸዋል።

ሁለተኛው መልክ «ሜጀር ወርክስ» የሚባለው ዋና ዋና እድሳት ነው። ጣሪያ፣ መስኮት፣ ሊፍት መቀየር፣ የግድግዳ ሲሚንቶ መጠገን፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ማደስ እዚህ ውስጥ ይገባል። ለምሳሌ ያህል፣ በአርባው ቤት ሕንፃ የጣሪያ ሥራው ከነመወጣጫ ብረቱ 800 ሺህ ፓውንድ ቢፈጅና ድርሻው እኩል ቢሆን ለአንድ ቤት 20 ሺህ ይደርሳል። ውሉ በመኝታ ክፍል ብዛት ወይም በሌላ ስሌት የሚያካፍል ከሆነ ትልልቆቹ ቤቶች ከዚያ በላይ፣ ትንንሾቹ ከዚያ በታች ይከፍላሉ። በዚህ ላይ የአስተዳደር ወጪ በመቶኛ ይታከላል።

ሂሳቡ ድንገተኛ የሚሆንበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አይነገርም። በግል ሕንፃዎች ውስጥ ባለይዞታዎች በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ ለወደፊት እድሳት የሚያስቀምጡበት የመጠባበቂያ ሣጥን ይኖራል። ብዙ የካውንስል ውሎች ግን እንዲህ ያለ ሣጥን አላካተቱም። ለሠላሳ ዓመት ያልተነካ ሕንፃ ሲታደስ የሠላሳ ዓመቱ ወጪ በአንድ ደብዳቤ ይመጣል። ካውንስሎች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ጥገናን አዘግይተው፣ ከ2000 ወዲህ መንግሥት «ጨዋ ቤቶች» የሚል መለኪያ አውጥቶ ገንዘብ ሲመድብ ሥራውን አንድ ላይ አጣድፈው ጀመሩ። ያኔ የመጡት ሂሳቦች ናቸው እስከ ዛሬ የሚጠቀሱት። በምሥራቅ ለንደን በኒውሃም የ93 ዓመት አዛውንት ባለይዞታ የ50 ሺህ ፓውንድ የጣሪያ ሂሳብ ተላከላቸው። ጉዳዩ ከፍተኛ ቁጣ ቀስቅሶ፣ በ2014 በአዛውንቷ ቅጽል ስም «የፍሎሪ ሕግ» የተባለ መመሪያ ወጣ።

የፍሎሪ ሕግ ብዙ የተወራለትን ያህል ብዙ አይሠራም። ካውንስሉ ከባለይዞታው በአምስት ዓመት ውስጥ ሊጠይቅ የሚችለውን በለንደን በ15 ሺህ፣ ከለንደን ውጪ በ10 ሺህ ፓውንድ ይወስናል፤ ይህ የሚሆነው ግን ሥራው ከመመሪያው ወዲህ በተሰጠ የማዕከላዊ መንግሥት የእድሳት ድጋፍ ሲሠራ ነው። ካውንስሉ በራሱ የቤቶች ሂሳብ የሚሠራው ሥራ ገደቡ አይነካውም። ከዚሁ ጋር የወጣ ሌላ መመሪያ ካውንስሎች የተቸገረን ባለይዞታ ሂሳብ በፈቃዳቸው እንዲቀንሱ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። በፈቃዳቸው የሚለው ቃል ይሰመርበት።

እምቢ ከማለት ይልቅ መጠየቅ

ሕጉ ለባለይዞታው «አልከፍልም» የማለት መብት አልሰጠውም። የሰጠው «አስረዳኝ» የማለት መብት ነው፤ ጥንካሬውም ድክመቱም በዚህ ላይ ነው። ዋናው መሠረት በ1985 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ ነው። አንቀጽ 19 የአገልግሎት ክፍያ የሚከፈለው ወጪው በምክንያታዊ መንገድ የወጣ እስከሆነና ሥራውም ተገቢውን ጥራት እስከጠበቀ ድረስ ብቻ ነው ይላል። ምክንያታዊ ማለት ግን ርካሽ ማለት አይደለም። ካውንስሉ ከቀረቡለት ዋጋዎች ዝቅተኛውን ባይመርጥ እንኳ በቂ ምክንያት ካለው ሊጸናለት ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚታወቀው አንቀጽ 20 ነው። አንድ ሥራ ለማንኛውም ባለይዞታ ከ250 ፓውንድ በላይ የሚያስከፍል ከሆነ ካውንስሉ አስቀድሞ ማማከር አለበት። መጀመሪያ ምን ሊሠራና ለምን ሊሠራ እንዳሰበ አሳውቆ 30 ቀን ይሰጣል፤ ቀጥሎ የዋጋ ግምቶችን አቅርቦ ሌላ 30 ቀን ይሰጣል። የቀረበለትን አስተያየትም ከግምት ማስገባት አለበት። ሳያማክር ከሠራ ከእያንዳንዱ ባለይዞታ ከ250 ፓውንድ በላይ መጠየቅ አይችልም።

ይህን ያነበበ ሰው ትልቅ መሣሪያ ያገኘ ይመስለዋል። በተግባር ሁለት ነገሮች ያለሰልሱታል። የመጀመሪያው ካውንስሎች ከተቋራጮች ጋር የሚገቡት የብዙ ዓመት ውል ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ባለይዞታዎች አንድ ጊዜ ይማከራሉ፤ ከዚያ በኋላ በውሉ ሥር ለሚሠራ እያንዳንዱ ሥራ የሚመጣው ማስታወቂያ አጭር ነው። ሌላ ተቋራጭ የመጠቆም መብትም አይኖርም። ባለይዞታው ለጣሪያው ሌላ ሠሪ ሊጠቁም ሲነሳ ሠሪው ከአምስት ዓመት በፊት ተመርጦ አልቋል። ያኔ የመጣውን ደረቅ ደብዳቤ ያነበበው ስንቱ ነው? ሁለተኛው በ2013 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሰጠው ውሳኔ ነው። እንዲህ ያሉ ክርክሮችን የሚያየው የንብረት ጉዳዮች ትሪቡናል ማማከርን የዘለለ አከራይን ከ250 ፓውንዱ ገደብ ነፃ ሊያደርግ ይችላል፤ ሲያደርግም የሚያየው ሥርዓቱ መጣሱን ሳይሆን በመጣሱ ባለይዞታዎቹ ምን ጉዳት ደረሰባቸው የሚለውን ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ባዶ የሥነ ሥርዓት ስህተት ብቻውን ሂሳብ አያሰርዝም።

በአንጻሩ ለባለይዞታው የቆመ ውሳኔም አለ። በምዕራብ ለንደን በሃውንስሎው ካውንስል አንዲት ባለይዞታ ከ55 ሺህ ፓውንድ በላይ ተጠየቁ። የእንጨት መስኮቶች ወደ ብረት ተቀይረው፣ ከዚያ ጋር የግድግዳ መሸፈኛውም ተለውጦ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 ጥገናንና ማሻሻያን ለያቸው። ካውንስሉ በውሉ የመጠገን ግዴታ ሲኖርበት መጠገኑ የግድ ነው። ሊተወው የሚችለውን ማሻሻያ ሲመርጥ ግን የባለይዞታዎቹን አስተያየትና ሂሳቡ በእነርሱ ላይ የሚያሳድረውን የገንዘብ ጫና ከወትሮው በበለጠ ማመዛዘን አለበት አለ። ስለዚህ የእድሳት ማስታወቂያ ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ጥገና ነው ወይስ ማሻሻያ? መጠገን እየተቻለ ለምን ይቀየራል?» መሆን አለበት። ጥያቄው በጽሑፍና በ30 ቀኑ ውስጥ ከቀረበ ዋጋ አለው፤ ሥራው አልቆ መወጣጫው ከወረደ በኋላ ሲነሳ ግን ቁጭት ብቻ ነው።

ጥቂት ሌሎች መብቶችም አሉ። ካውንስሉ ያወጣውን ወጪ በ18 ወር ውስጥ ካልጠየቀ ወይም በጽሑፍ ካላሳወቀ መጠየቅ አይችልም። ባለይዞታው የወጪ ማጠቃለያ መጠየቅ፣ ማጠቃለያው ከደረሰው በኋላም በስድስት ወር ውስጥ ደረሰኞችን ማየት ይችላል። እያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ የባለይዞታውን መብትና ግዴታ ከሚዘረዝር መግለጫ ጋር መምጣት አለበት፤ መግለጫው ከሌለ እስኪመጣ ክፍያውን ማቆየት ሕጋዊ ነው። ከካውንስል በቀጥታ የገዛ ሰው ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ተጨማሪ ከለላ አለው። ካውንስሉ ቤቱን ሲያቀርብለት የጥገና ግምት ይሰጠዋል፤ በእነዚያ ዓመታት ከግምቱና ከዋጋ ንረት ማስተካከያው በላይ ማስከፈል አይችልም። ስድስተኛው ዓመት ላይ የሚመጣውን ሂሳብ ብዙዎች የሚያስታውሱት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ክርክሩ ካልተፈታ የሚሄደው ወደዚሁ የንብረት ጉዳዮች ትሪቡናል ነው። ከፍርድ ቤት ቀለል ያለ ነው፤ ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ቢታወቁ ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ ገንዘቡን መክፈል ብቻውን ሂሳቡን እንደመቀበል አይቆጠርም፤ «በተቃውሞ እከፍላለሁ» ብሎ ጽፎ ከፍሎ መከራከር ይቻላል። ሁለተኛ፣ ካውንስሉ ለክርክሩ ያወጣውን ወጪ መልሶ በአገልግሎት ክፍያ ላይ እንዳይጭን ትሪቡናሉ እንዲያዝ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ያልጠየቀ አሸንፎም ሊከፍል ይችላል። ቅሬታው ስለ ክፍያ መጠን ሳይሆን ስለ አገልግሎቱ ከሆነ፣ ለምሳሌ ካውንስሉ ሲጻፍለት ካልመለሰ፣ የቤቶች እንባ ጠባቂ አለ።

በሩ፣ መስኮቱ፣ ቧንቧው

በግዴታ በኩል ዋናው መስመር ቀላል ነው፤ ውስጡ የባለይዞታው፣ አጥንቱና ቆዳው የካውንስሉ። የውስጥ ቀለም፣ ወለል፣ ኩሽና፣ መታጠቢያ ቤት፣ ለዚያ ቤት ብቻ የሚያገለግል ቧንቧ የባለይዞታው ናቸው። መሠረት፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ የጋራ ቧንቧ የካውንስሉ ናቸው። በድንበሩ ላይ ያለው ነው የሚያጣላው። መስኮት በብዙ ውሎች የካውንስሉ ነው፤ በራሱ ገንዘብ የፕላስቲክ መስኮት ያስገባ ባለይዞታ ያለ ፈቃድ የሌላውን ንብረት ቀይሯል። ካውንስሉ በኋላ መላውን ሕንፃ መስኮት ሲቀይር «እኔ አስቀድሜ ቀይሬያለሁ» ማለት ብዙ ጊዜ ከክፍያ አያድንም። ግድግዳ ማፍረስም እንዲሁ በጽሑፍ ፈቃድ ነው።

የመግቢያው በር የተለየ ቦታ ይዟል። በጁን 2017 በግሬንፌል ታወር 72 ሰዎች በእሳት አለቁ። የኬንሲንግተንና ቼልሲ ካውንስል ሕንፃ ነበር፤ ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ። ከአደጋው በኋላ የወጡት ሕጎች ወደ ጋራ መተላለፊያ የሚከፈተው የአፓርታማ በር በሕንፃው የእሳት ደኅንነት ሥር እንደሚወድቅ ግልጽ አደረጉ። ቁመታቸው ከ11 ሜትር በላይ በሆኑ ሕንፃዎች የእያንዳንዱን ቤት በር ለማየት በዓመት አንድ ጊዜ ጥረት መደረግ አለበት። የእሳት በሩን አውጥቶ ያማረ የእንጨት በር የተከለ ባለይዞታ በሩን እንዲመልስ ሊገደድ ይችላል። አሠራሩ የሚያስቆጣቸው አሉ፤ ነገር ግን እሳት የአንድን ቤት ድንበር ስለማያውቅ በዚህ ጉዳይ የካውንስሉ ጥያቄ የሚያከራክር አይመስለኝም።

ቤቱን የሚያከራይ ባለይዞታ ሌላ ሸክም ይጨመርበታል። ብዙ ውሎች ለካውንስሉ ማሳወቅን ይጠይቃሉ፤ በየዓመቱ የጋዝ ደኅንነት ምርመራ ማስደረግ የሕግ ግዴታ ነው፤ ተከራዩ ጎረቤት ቢያስቸግር ወይም ውኃ ወደ ታች ቢያፈስ ካውንስሉ የሚጽፈው ለባለይዞታው ነው። የሕንፃው ኢንሹራንስ በካውንስሉ በኩል ቢሆንም፣ ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ በዚያ አይሸፈንም። በቅናሽ የገዛ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ቢሸጥ ደግሞ ቅናሹን ይመልሳል። በመጀመሪያው ዓመት ሙሉውን፣ ከዚያ በየዓመቱ አንድ አምስተኛ እየቀነሰ ነው።

ሳይከፍሉ ዝም ማለት ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው። ካውንስሉ ሊከስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በብድር ለተያዘ ቤት ባንኩ ዕዳውን ከፍሎ በብድሩ ላይ ይጨምረዋል። ዕዳው በትሪቡናል ወይም በፍርድ ቤት ከተረጋገጠ በኋላ ሊዙ ራሱ እንዲቋረጥ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙም ባይደረግም መንገዱ አሁንም ክፍት ነው። የ2026ቱ ረቂቅ ይህን ቅጣት ማስቀረት ይፈልጋል። መክፈል ያቃተው ሰው በየወሩ መክፈልን፣ ሊዙ ከተሰጠ አሥር ዓመት ያልሞላው ከሆነም በሕግ የተፈቀደውን ብድር መጠየቅ ይችላል።

ለጎረቤት የሚሠራ፣ ለባለይዞታ የማይሠራ

በኦክቶበር 2025 «የአዋብ ሕግ» ሥራ ላይ ውሏል። በሮችዴል ከተማ በ2020 በሻጋታ ምክንያት በሞተ የሁለት ዓመት ሕፃን ስም የተጠራ ነው። ካውንስሎችና ለትርፍ ሳይሠሩ ቤት የሚያከራዩ የቤት ማኅበራት አጣዳፊ አደጋን በ24 ሰዓት እንዲያስወግዱ፣ ከባድ እርጥበትና ሻጋታን በ10 የሥራ ቀን እንዲመረምሩ ያስገድዳል። በአንድ ወለል ላይ ያሉ ሁለት ቤቶች በአንድ የፈሰሰ ጣሪያ ቢሻግቱ፣ ተከራዩ በዚህ ሕግ ይጠቀማል፤ የረጅም ዘመን ባለይዞታው ግን አይጠቀምም። ባለይዞታው የሚይዘው ውሉን ነው፤ በውሉ ካውንስሉ የሕንፃውን አካል የመጠገን ግዴታ አለበት፤ ግዴታውን ባለመወጣቱ ለደረሰ ጉዳት ይጠየቃል። የሰዓት ቆጠራው ግን የለም።

የግል ሕንፃ ባለይዞታዎች ያሏቸው አንዳንድ መብቶችም እዚህ የሉም። አከራይን ከአስተዳደር አስወግዶ በራስ ኩባንያ ማስተዳደር፣ ትሪቡናሉ አዲስ አስተዳዳሪ እንዲሾም መጠየቅ፣ የአገልግሎት ክፍያ በአደራ ሂሳብ ተለይቶ እንዲቀመጥ ማስገደድ በካውንስል ሕንፃዎች ላይ አይሠሩም። ሕግ አውጪው ካውንስል የተመረጠ አካል ስለሆነ መራጩ ይቆጣጠረዋል ብሎ አስቦ ይሆናል። በተግባር በአንድ ሕንፃ ያሉ አሥራ አምስት ባለይዞታዎች በምርጫ ድምፅ ሊፍት የሚያሠሩ አይደሉም።

የ2022ቱ የሕንፃ ደኅንነት ሕግም በከፊል ብቻ ይደርስላቸዋል። ቢያንስ 11 ሜትር ቁመት ወይም አምስት ፎቅ ባለው ሕንፃ፣ መስፈርቱን የሚያሟላ ባለይዞታ አደገኛ የግድግዳ መሸፈኛ ለማንሳት አይከፍልም። ነገር ግን ሕጉ የሚያየው ከጁን 2022 በፊት ባሉት 30 ዓመታት በተሠራ ሥራ የመጣ ጉድለትን ነው። አብዛኛው ረጅም የካውንስል ሕንፃ የተሠራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1970ዎቹ ባለው ጊዜ ነው። በ1965 በስህተት የተገጠመ የሲሚንቶ ግድግዳ ከዚህ ከለላ ውጪ ነው፤ ሂሳቡም በተለመደው መንገድ ይመጣል።

ማን ይክፈል?

ካውንስሎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ቀላል የሚባል አይደለም። የቤቶች ሂሳባቸው በሕግ ከሌላው በጀት ተለይቶ የታጠረ ነው፤ ዋናው ገቢውም የተከራዮች ኪራይ ነው። ባለይዞታው ድርሻውን ካልከፈለ የሚከፍለው ተከራዩ ነው፤ ተከራዩ ደግሞ ንብረት የሌለው፣ በአብዛኛው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ነው። ባለይዞታው ጣሪያው ሲታደስ ዋጋው የሚጨምር ንብረት አለው፤ ከባለይዞታዎቹም የሚያከራዩና የሚያተርፉ አሉ። ለእነርሱ ከድሃ ተከራይ ኪራይ ድጎማ መስጠት ፍትሕ ነው?

ባለይዞታዎች የሚመልሱት መልስም ክብደት አለው። ሥራው መቼ እንደሚጀመር፣ በማን እንደሚሠራና በስንት እንደሚሠራ የሚወስነው ካውንስሉ ብቻ ነው። በየዓመቱ በትንሹ ቢጠገን ኖሮ ትንሽ የሚፈጅ ነገር ለሠላሳ ዓመት ተትቶ ሲፈርስ፣ የቸልታው ዋጋም በሂሳቡ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ጡረታ ላይ ላለ ሰው የቤቱ ዋጋ ጨምሯል ማለት ቤቱን ሸጦ ካልወጣ በቀር ዳቦ አይሆንም።

እኔ እንደማየው ካውንስሎች ማን ይክፈል በሚለው ላይ ትክክል ናቸው፤ መቼና እንዴት በሚለው ላይ ግን አይደሉም። የመጠባበቂያ ሣጥን የሌለበት ሥርዓት ሂሳቡን ያከማቻል፤ ከዚያም በአጋጣሚ በዚያ ዓመት ቤቱ ውስጥ በተገኘ ሰው ላይ ይጥለዋል። ሣጥኑ የራሱ ችግር እንዳለው አይካድም። ወርኃዊ ክፍያው ከፍ ይላል፤ ነገ ሸጦ የሚሄድ ሰውም ለማያየው ጣሪያ ያዋጣል። ነባር ውሎችን መቀየርም ከባድ ነው። ያም ሆኖ በየዓመቱ የሚታወቅ መዋጮ አንድ ቀን ከሚመጣ 20 ሺህ ፓውንድ ይሻላል።

መንግሥት ለወደፊቱ የሚያስበው ኮመንሆልድ የሚባል ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ነዋሪ የቤቱ ሙሉ ባለቤት፣ ሁሉም በጋራ የሕንፃው አስተዳዳሪ የሚሆንበት ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ በሕግ አወቃቀሩ ከኮንዶሚኒየሙ ጋር የሚቀራረብ ነው ማለት ይቻላል። ለአዲስ የግል ሕንፃ ይሠራ ይሆናል። ሃያ አምስት ተከራይና አሥራ አምስት ባለይዞታ ባሉበት ሕንፃ ግን ካውንስሉ የሃያ አምስቱ ድምፅ ባለቤት ሆኖ ይቀራል።

አንድ መቶ ሃያ አምስት ዓመትም ያልቃል

ስለ ሂሳቡ ሲወራ የሚረሳ ሌላ ጉዳይ አለ። በ1981 የተሰጠ የ125 ዓመት ሊዝ በ2026 የቀረው 80 ዓመት ነው። አሁን በሚሠራው ሕግ ከ80 ዓመት በታች የቀረውን ሊዝ ማራዘም በድንገት ይወደዳል፤ ማራዘሙ ለቤቱ ከሚጨምረው ዋጋ ግማሹን ለሕንፃው ባለቤት መክፈል ይመጣልና። የ2024ቱ የሊዝ ማሻሻያ ሕግ ይህን ተጨማሪ ክፍያ ሰርዞ ማራዘሚያውን ወደ 990 ዓመት ያሳድጋል፤ የሕንፃ ባለቤቶች ያቀረቡትን ክስም ከፍተኛው ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2025 ውድቅ አድርጎታል። ነገር ግን እነዚህ ድንጋጌዎች የሚጀምሩት መንግሥት ዝርዝር ደንቦቹን አውጥቶ በሥራ ላይ ሲያውላቸው ነው። እስከዚያ ድረስ የሚሠራው የ1993ቱ ሕግ ነው፤ በቀረው ዘመን ላይ 90 ዓመት ይጨምራል፣ ግራውንድ ሬንቱንም ያስቀራል። ቤቱን ለሁለት ዓመት ይዞ የመቆየት ግዴታ ግን ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ተነስቷል።

ዘግይቶ የገዛም ሰው ከዚህ አያመልጥ ይሆናል። ሕጉ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከኦገስት 1980 ወዲህ የተሰጠ ሊዝ ካለ፣ ካውንስሉ ቀጥሎ የሚሰጣቸው ሊዞች ከእርሱ ጋር በአንድ ቀን እንዲያልቁ ማድረግ ይችላል ይላል። ስለዚህ በ2005 ከካውንስል የገዛ ሰው፣ ታች ቤት ያለው ጎረቤቱ በ1981 ገዝቶ ከነበረ፣ የተሰጠው ሊዝ 125 ዓመት ሳይሆን 101 ዓመት ሊሆን ይችላል። የሚያበቃበት ቀን በውሉ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ተጽፏል።